የዕድራችን አግዳሚና የሽፈራው መርከብ

አንባቢዬ፣ የእንጨት መርከብ የሚሠራ ጎረቤት አለዎት? እንግዲያው ወንበርዎን ይጠብቁ! ጡረተኛው ጎረቤቴ ሽፈራው ክንድ ለምታህል መርከብ ብሎ፣ ከካዛንቺስ እስከ ቡልጋሪያ ሰፈር ያልዳበሰው አሮጌ በር የለም። ቤቴም ሲመጣ ጤናዬን ሳይጠይቅ፣ "እትዬ፣ ቁም ሳጥንዎ ደረቅ ዋንዛ ነው እኮ!" ይለኛል።

ባለፈው የዕድራችንን አግዳሚ አንድ እግር በመጋዝ አሳጠረው። ስንቀመጥ ተንሸራተን ሁላችንም ዳር የተቀመጡት የዕድሩ ዳኛ ላይ ተከመርን።

"አንተ ሽፈራው!"

"ስንዝር ብቻ ናት እትዬ፣ ለሸራው ምሰሶ!"

አንዱ እግር ብቻ ምን በድሎ ያጥራል? ፍርድ እኩል ነው ብዬ የቀሩትን ሦስቱንም አስቆረጥኩት።

አሁን ዕድር የምንሰበሰበው ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ ነው። መርከቧ ግን ባለ አራት ምሰሶ ሆና አማረባት! ምሰሶዎቿ የዕድሩ አግዳሚ እግሮች ስለሆኑ የሁላችንም ናትና በየቤታችን በተራ ትሰነብታለች። ይህ ሳምንት የኔ ነው፤ ሽፈራውም ሊያያት ቤቴ የሚገባው መጋዙን ደጅ ትቶ ነው።