«አገኘሁት» ያልሁት አጋዘን

በአፋር ምድር ብቻውን አደን የሄደ ሰው የለም። «ሄጃለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ፣ ወይ አገሩን አያውቀውም፣ ወይ እናንተን ንቋችኋል። እኔ ራሴ «ብቻዬን ነው የምሄደው» ብዬ ከቤቴ ወጥቼ፣ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ከአዋሽ እስከ ሠመራ ያለው ሕዝብ አብሮኝ ያደነ ያህል ሆኖ ጠበቀኝ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላቅርበው። ሠመራ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሪፖርት ጽፌአለሁ። ስለ ራሴ መናገር አልወድም፤ ነገር ግን በእነዚያ ሁሉ ገጾች ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ የሚል ካለ ይምጣ። አንድ ጊዜ አለቃዬ «ሥራው አልተጀመረም ብለህ አትጻፍ» ብለው ባዘዙኝ ጊዜ እንኳ አልዋሸሁም። «ሥራውን ለመጀመር የሚያስችሉ ሁኔታዎች በመመቻቸት ላይ ናቸው» ብዬ ጻፍሁ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ብቻ ነው።

ጡረታ ስወጣ ከአባቴ የወረስሁት፣ ፈቃዱን በየጊዜው የማድስለት ጠመንጃ ትዝ አለኝ። የአደን ፈቃድም አወጣሁ፤ «አንድ፣ ወንድ፣ የደረሰ አጋዘን» ይላል። ባለቤቴ ወይዘሮ አልማዝ ፈቃዱን እስከ ማኅተሙ አነበበችው።

«ሎግያ ሥጋ ቤት ለመግባት ይህ ሁሉ ማኅተም አያስፈልግም ነበር» አለች።

«የሥጋ ጉዳይ አይደለም።»

«ተራራ ላይ ብቻህን ብትወድቅስ?»

«ብቻ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። አደን ጸጥታ ይፈልጋል።»

«እሺ፤ ጸጥ ብለህ ውደቅ።»

ሳሚ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ጎረቤት አለን። ከሠመራ ወደ አዋሽ ሲወርድ አዳይቱ ላይ ሊያወርደኝ፣ በማግሥቱ ሲመለስ ደግሞ ሊወስደኝ ተስማማን። «ፋዘር፣ ቀንዱ ጋቢና አይገባም፤ ጭነቱ ላይ ነው የምናስረው» አለኝ። ገና አጋዘኑ ሳይታይ ለቀንዱ ቦታ መያዙን በውስጤ አደነቅሁ።

አዳይቱ አድሬ፣ ጎህ ሲቀድ ከከተማዋ በላይ ያለውን ተራራ ያዝሁ። ያ ተራራ ከአስፋልቱ ሲያዩት ተራራ ነው፤ ሲወጡት ግን የተከመረ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። አንዱን ስትረግጡት ሦስቱ አብረው ይነሣሉ። ቀኝ ጉልበቴ ገና ከመነሻው አቤቱታ አቀረበ። አቤቱታውን ተቀበልሁ፤ ውሳኔውን ግን በእንጥልጥል አቆየሁት።

ሁለት ሰዓት ገደማ ከአንድ ሸንተረር ብቅ ስል... ቆሟል። ግራጫ ገላው ላይ ነጫጭ መስመር የወረደበት፣ ቀንዱ ተጠማዝዞ ሰማይ የወጣ፣ በፈቃዴ ላይ እንደ ተጻፈው አንድ፣ ወንድ፣ የደረሰ። ያለ ቀጠሮ ቢሮው የገባችሁበት ኃላፊ እንዴት እንደሚያያችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ አየኝ። አነጣጠርሁ፤ ትንፋሼን ያዝሁ፤ ተኮስሁ። ጥይቱ ከእግሩ ሥር ያለ ድንጋይ መትቶ እያፏጨ ሄደ። አጋዘኑ ድንጋዩን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያም ዞሮ በገደሉ በኩል እየተራመደ ወረደ። ቢሮጥ ኖሮ ባልከፋኝ።

እያነከስሁ ስመለስ ፍየሎቻቸውን የሚያግዱ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ሐጂ ሁመድ ይባላሉ፤ በጉብዝናቸው ዘመን በጥጥ እርሻ ላይ ጥበቃ ስለ ነበሩ አማርኛ ያውቃሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያም ሐጂ ዱላቸውን መሬት ላይ አጋድመው ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ እኔም ተቀመጥሁ። ዳጉ ነው። በአፋር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ያየውንና የሰማውን ሳይነጋገር አይተላለፍም። የት ዘነበ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ። ይህን ወሬ የምትሉ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ሰው ከብቱን የሚነዳው በዚህ ነውና።

«ተኩስ ሰማን። አንድ ነው» አሉ ሐጂ።

«አንድ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«አጋዘን ነው፣ ሐጂ።»

«አገኘኸው?»

እዚህ ላይ አንባቢን ፍርድ እጠይቃለሁ። በአማርኛ ጥይትም ዒላማውን «ያገኘዋል»፤ ሰውም ሰውን በመንገድ «ያገኘዋል»። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት መሣሪያ እጄ ላይ መጣልኝ።

«አገኘሁት» አልሁ።

«ማሻአላህ። ወደቀ?»

«ወደ ታች ነው የሄደው። ገደሉ ውስጥ ገብቷል።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከአንገት በላይ እንዳይመስላችሁ፣ ለእኔ ደስ ብሏቸው ነው። ተመራርቀን ተለያየን። እኔም ቁልቁል ስወርድ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መረመርሁ። አጋዘኑን አግኝቼዋለሁ። ወደ ታች ሄዷል። ገደሉ ውስጥ ገብቷል። አንድም ሐሰት የለበትም፤ ቃለ ጉባኤ ቢያዝበት እፈርማለሁ።

አንድ ነገር ግን ዘንግቼ ነበር። ሐጂ ነገሩን የሚያስተላልፉት በአማርኛ አይደለም። ሁለት ፊት ያለውን ቃሌን ወደ አፋርኛ ሲያሻግሩት አንዱን ፊት መምረጥ ነበረባቸው፤ ጨዋ ሰው ናቸውና ለእኔ ክብር የሚሆነኝን መረጡልኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የእኔው ደግሞ አፋፉ ላይ ሆኜ ነው የወጣው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አዳይቱ ስደርስ የሳሚ መኪና ጎሚስታው ደጃፍ ቆሟል።

«ፋዘር፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ።

«በምኑ?»

«በአጋዘኑ ነዋ። አዋሽ አርባ ሻይ ስጠጣ ነው የሰማሁት። አንድ ጥይት፣ ገደል ውስጥ ወደቀ፣ የሠመራ ጡረተኛ፣ በቀኝ እግሩ ያነክሳል። ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

አዋሽ አርባ እኮ ከዚያ ተራራ በመኪና የግማሽ ቀን ያህል መንገድ ነው! ዳጉ ዛሬ ስልክም ይዟል። ወዳጆቼ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፍሁት ሪፖርት ከአለቃዬ ጠረጴዛ ሳያልፍ ቀርቷል፤ ይህኛው በግማሽ ቀን ክልሉን አዳረሰ። ያውም ሳይጨመርበት፣ ሳይቀነስበት፣ ጉልበቴ ሳይቀር። እውነቱን ለመናገር፣ ለአፍታ ያህል ደረቴን ነፋሁ።

ስልኬ ጮኸ። አልማዝ ናት።

«ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። ምን ብለህ ነው የነገርካቸው? ቃል በቃል ንገረኝ።»

«አገኘሁት ነው ያልኩት።»

«ገባኝ» ብላ ዘጋችው። ሪፖርቶቼን በረቂቅ ደረጃ ስታነብ የኖረች ሴት ናት።

ሻይ የምታፈላው ፋጡማ ብርጭቆ እያቀበለችኝ፣ «አይዞህ አባባ፣ ሥጋው አይበላሽብህም» አለችኝ። «ሐጂ ሁመድ ሁለት የወንድሙን ልጆች ግመል አስይዞ ገደሉ ውስጥ ሰዷል።»

«ለምን?»

«ያንተን አጋዘን ሊያወጡ። እኛ ያልታረደ አንበላም፤ ለአንተ ነው። በዚህ ሙቀት እንዳይሸትብህ ብሎ ነው።»

ብርጭቆውን አስቀመጥሁ። «ባያገኙትስ?»

«ሁመድ ብሎ እንዴት አያገኙም?»

«ባያገኙትስ ግን?»

ፋጡማን ጥያቄው ግራ አጋባት። «እንግዲህ ሁመድ ዋሸ ይባላላ። ሰው ሁሉ ከሁመድ ሰማሁ እያለ ነው የተናገረው። በዳጉ የዋሸ ሰው ደግሞ፣ ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቀዋል? ዝናብ የት እንደዘነበ እንኳ የሚነግረው የለም።»

ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ። ያዘጋጀሁት ሰነድ ወጪ የሆነው በሌላ ሰው ፊርማ ነው። እኔ መኪና ተሳፍሬ ሠመራ እገባለሁ፤ ፍየሎቻቸውን ዝናብ ወዳለበት መንዳት የሚያስፈልጋቸው ሽማግሌ ግን ስማቸው በእኔ ሰዋስው ገደል ይገባል።

ጠመንጃዬን አነሣሁ።

«ፋዘር፣ ወዴት ነው? ጎማው ተጠግኖ አልቋል እኮ» አለ ሳሚ።

«ማረሚያ ልሰጥ ነው።»

«ደውለው አይሰጡም?»

«የሐጂን ቁጥር አላውቅም። ደግሞም በቃል የተሠራ በቃል ነው የሚታረመው።»

ጉልበቴ ሁለተኛ አቤቱታ አቀረበ፤ ሳላነበው መለስሁት። ደግነቱ ሩቅ አልሄድሁም፤ ሐጂ ፍየሎቻቸውን ውኃ ሊያጠጡ ወደ መንገዱ ወርደው ነበርና ተራራው ግርጌ አገኘኋቸው፤ ይህን ጊዜ በሁሉም ትርጉሙ። በዚህ ጊዜ ቀድሜ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። ጠመንጃዬን መሬት ላይ አጋደምሁ።

«ሐጂ፣ ዳጉ አለኝ።»

ተቀመጡ። «ተናገር።»

«ጥይቱ ድንጋይ ነው የመታው።»

«አጋዘኑስ?»

«በእግሩ ወረደ። ደህና ነው።»

«አገኘሁት አልክ።»

«አየሁት ማለቴ ነበር። እሱም አየኝ።»

«እሱስ አይቶሃል» አሉ። ሳቅ ይሁን ቁጣ ፊታቸው ላይ ማንበብ አልቻልሁም። ስልካቸውን አውጥተው በአፋርኛ አጭር ነገር ተናገሩ፤ ገደል የገቡት ጎረምሶች እንዲወጡ መሆኑ ገባኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን ደህና አድርገህ ንገረኝ። የመጀመሪያው ጎድሎ ነው የሄደ። ስንት እርምጃ ነበር?»

«አርባ ይሆናል።»

ትክ ብለው አዩኝ።

«ሠላሳ።»

አሁንም አዩኝ።

«ሃያ አምስት፣ ሐጂ።»

«ሃያ አምስት» ብለው ያዙት። «ቆመህ ነው ተቀምጠህ?»

«ተቀምጬ።»

«ጠመንጃው ድንጋይ ላይ ተደግፎ?»

«...ተደግፎ።»

«ፀሐይ ዓይንህ ላይ?»

«ከኋላዬ ነበረች።»

«ሱብሃነላህ» አሉ በእውነተኛ ኀዘን፤ ሌላ የሚያመካኙልኝ ነገር ፈልገው አጡ። ቀጥለውም ሁሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገሙልኝና «ልክ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በሥራ ዘመኔ ረቂቄን አንብቦ «ልክ ነው?» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። «ልክ ነው» አልሁ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከሳሚ ጋር ከአዳይቱ ተነሣን። ሚሌ ላይ ሳሚ ነዳጅ ሲሞላ እግሬን ላፍታታ ወረድሁ። አንድ የማላውቃቸው፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ መጥተው ቀኝ እግሬን አዩ።

«ሃያ አምስት እርምጃ፣ ተቀምጦ፣ ፀሐይ ከኋላ. . . አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁመድ ልክ ነው ብሏል።»

«ልክ ናቸው።»

ፌዙ ይቀጥላል ብዬ ስጠብቅ፣ ሽማግሌው ዱላቸውን አጋድመው አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ አሉ። «በል ከአዳይቱ ወዲህ ምን አየህ?» አሉኝ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቃሌን የሚፈልግ ሰው አለ!

ተቀምጬ ያየሁትን ተናገርሁ። አንድ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ቆሟል፤ ሰው አልተጎዳም። ብዙ ግመሎች ወደ ምሥራቅ ሲያቋርጡ አይቻለሁ።

«የማን ግመሎች ናቸው?»

በሥራ ዘመኔ ቢሆን፣ «የባለቤትነቱ ጉዳይ በመጣራት ላይ ይገኛል» እል ነበር። አፌ እስከ «የባለቤትነቱ» ድረስ ሄዶም ነበር።

«አላውቅም» አልሁ።

ሽማግሌው ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለመጻፍ እንዲህ አጭርና ቀላል ቃል መሆኑን ብረዳ ኖሮ፣ ሠላሳ አንዱን ዓመት በስድስት ወር በጨረስሁት ነበር።