የወይዘሮ ዘውዲ ሳማ

በእያንዳንዱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከተማ መግባቷን ያላመነች አንዲት እናት አለች። ዙሪያው ሁሉ ሕንፃ ቢሆን፣ እርሷ ከሁለት ግንብ መካከል የሚበላ ቅጠል ታገኛለች፤ ካገኘችም ጎረቤቷን ሳታበላ አታድርም።

በለሚ ኩራ፣ በእኛ ብሎክ፣ ይህ ማዕረግ የክብርት ወይዘሮ ዘውዲ ነው። በዐቢይ ጾም እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ጳጳስ ወደ መቅደስ እንደሚገባ በዝግታ፣ ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ረግረግ ይወርዳሉ። ሲመለሱ ሳማ ይዘዋል። ሳማ ሲነኩት እንደ እሳት ይለበልባል፤ ሲቀቀል ግን እንደ ጎመን ይገራል። ከዚያ በኋላ በሩን የቆለፈ ሁሉ በከንቱ ደከመ።

ባንክ የሚሠራው ዓንዶም “ጨጓራ አለብኝ” ቢላቸው፣ “መድኃኒቱ ነው!” ተብሎ በላ። የሦስተኛ ፎቋ ሰምሃር “እኔ ጨጓራ የለብኝም” ብትል፣ “እንዳይዝሽ ነዋ!” ተብላ በላች። ፕሮቴስታንቱ አብዲሳ “እማማ፣ እኛ እኮ ይህን ጾም አንጾምም” ቢላቸው፣ “ሳማው መች ጠየቀህ? ብላ!” አሉት።

እኔንም “መሪጌታ፣ ቀምሰው ይፍረዱ” እያሉ ሳህን ያስይዙኛል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በሬን የሚያንኳኩት እርሳቸውና ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ናቸው። ቆጣሪ አንባቢው ግን “ጨው በዛ ወይ?” ብሎ አይጠይቅም።

ዘንድሮ ሰሙነ ሕማማት ገባ፤ በሬን ያንኳኳ ግን የለም። ጉልበታቸውን አሟቸው ደረጃ መውረድ እንዳቃታቸው ሰምሃር ነገረችኝ። ስለዚህ እኔው ወደ ረግረጉ ወረድሁ። ቅጠል በልተው የኖሩ ባሕታውያንን ገድል ከልጅነቴ ጀምሮ አንብቤአለሁ፤ በምን እንደ ነቀሉት ግን የጻፈልኝ የለም። በባዶ እጄ ነቀልሁ።

ወይዘሮ ዘውዲ በሩን ከፍተው ያበጠ እጄን አዩ።

“መሪጌታ! ያን ሁሉ ዘመን ተምረው አንድ ፌስታል አጡ?”

ስቀው ሲያበቁ በነጠላዬ የቋጠርሁትን ፈቱ።

“ደግሞ ግማሹ ሳማ አይደለም፣ ቱልት ነው! ግን እሰይ፤ የሳማ ማርከሻው እርሱ ነው። እጅዎን ያምጡ።”

በዚህ ሳምንት ምእመናን አንጨባበጥም። የእኔን እጅ ግን ሳምንቱ ሳይገባም ሰው ከጨበጠው ከራርሟል። ቱልቱን በጣታቸው አድቅቀው መዳፌን ቀስ እያሉ አሹልኝ።

“በረደልዎት?” አሉኝ።

በርዶልኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ “ገና ነው” አልኋቸው።