ወንድሜ አውሮፓ ገባ

መምህር የነበረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ ስህተት ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። እኔ አዲስ አበባ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። አሁን ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር፣ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን አስታምማለሁ። እሳቸው የገዛ አገራቸውን ወንዝ ስም ቢሳሳቱ እንኳ አርማቸዋለሁ። ቫ ቤኔ፣ ይሁን እንግዲህ፣ አመል ነው።

ታናሽ ወንድሜ ብሩክ ኢስታንቡል እንደ ደረሰ ለእናታችን ደውሎ አውሮፓ ገባሁ አላት። እሷስ ምን ታድርግ? ለገብርኤል የተሳለችውን ጃንጥላ በማግስቱ አስገባች። ጎረቤቱም እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት ሰነበተ።

እኔ ወሬውን የሰማሁት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? እኔ ግን ደሜ ፈላ። እዚያው ደወልኩለትና ትምህርቴን ጀመርኩ። ከተማዋ ሁለት አህጉር ላይ መቀመጧን፣ መሃሏን ባሕር መክፈሉን፣ አንድ የሮም ንጉሥ ይህችኛዋ ሮም አልበቃ ብላው እዚያ ሁለተኛ ሮም መቆርቆሩን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ብሩክ በትሕትና አዳመጠኝ። የሚያድረው እስያ በኩል፣ ልብስ የሚሰፋው አውሮፓ በኩል ነው። ጠዋት በመርከብ አውሮፓ ይገባል፣ አመሻሽ ላይ እስያ ይመለሳል። ሥራውም አልከፋውም። ታዲያ አውሮፓ ነኝ ብል ምን ውሸት አለው ጋሼ አለኝ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አሎራ፣ ልንገርህ አልኩት፤ የካርታው አውሮፓ ሌላ፣ የፔርሜሶው አውሮፓ ሌላ። የመኖሪያ ወረቀት በእጅህ ካልያዝክ ገና አልደረስክም፤ እናታችንን ሰው ፊት አታዋርዳት። ቡና ቤቱ በሙሉ ራሱን እየነቀነቀ አደነቀኝ። ብሩክ እሺ ጋሼ አለኝ። ገባው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ገብቶታልም።

በሦስተኛው ሳምንት ሥራውን ተወ። የግሪክ ደሴቶች የሚቀርቡት ከእስያው ዳርቻ ነውና፣ አውሮፓ ለመግባት አውሮፓን ለቅቆ እስያ ተሻገረ። በሌላ ሰው ቢሆን ስንት በቀለድኩበት። የተሳፈረበት የላስቲክ ጀልባ ተገለበጠ። አስከሬኑ የተገኘው በየትኛው አህጉር በኩል ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ ወዲያው በራሴ አፈርኩ።

መርዶውን ለእናታችን የነገሯት የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ስደውልላት አላለቀሰችም። ልጄ ደርሶ ነበር እኮ አለችኝ፤ ሥራ ነበረው፣ ደስ ብሎት ነበር። አልደረስክም ብሎ ከዚያ ያስነሳው ማን እንደሆነ ሰምቼ እንደሁ ጠየቀችኝ። ድምፅዋ አጠገቤ የተቀመጠች ያህል ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

አይሰማም እማዬ፣ ኔትወርኩ አስቸገረኝ አልኳትና ዘጋሁት።