አማቴ የጠጡት ምርምር

ሳይንስን የሚገድለው የበጀት እጥረት ነው የሚሏችሁን አትመኑ። አማት ነው!

እኔ አሰላ የተመደብኩ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ምን ላጥና ብዬ ሳስብ፣ ሰው ሁሉ ስንዴ ላይ ተረባርቦ ስላገኘሁት ከከተማው በላይ ያለው የጥድ ደን ገባሁ። እዚያ የረገፈው ቅጠል እንደ ፍራሽ ይነጠፋል እንጂ ቶሎ አይበሰብስም። ከሥሩ ከቁንጫ ያነሱ ነፍሳት ይኖራሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው። ኮምፖስት ባለብሳቸው ይበዛሉ ወይስ ይፈረጥጣሉ? ጥያቄዬ ይኼ ነበር። አንዱን ቦታ ኮምፖስት አለበስኩት፣ አጠገቡ ያለውን እንዳለ ተውኩት። ክረምቱ ሲወጣ ከሁለቱም አፈር ዘግኜ ቤቴ ገባሁ።

ባለቤቴ ለሊሴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ሰው ከደን እንጨት ያመጣል፤ አንተ አፈር!»

ነፍሳት ከአፈር እንዴት እንደሚወጡ ታውቃላችሁ? አፈሩን በወንፊት ላይ አድርጋችሁ ከላይ አምፖል ታበራላችሁ። ሙቀቱን ሲሸሹ ወደ ታች ይወርዱና... ጥልቅ! ከሥር ያለው ብርጭቆ አልኮል ውስጥ። ፋርማሲው አልኮል የለኝም ስላለኝ አረቄ ገዛሁ። ደስ ብሏቸው ይሙቱ!

ሥራው ሲያልቅ ሁለቱን ብርጭቆዎች ሳሎን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ በቀኝ ኮምፖስት የለበሰው፣ በግራ ያልለበሰው። ከዚያ ላስተምር ወጣሁ።

ስመለስ አማቴ አባባ ገመቹ ከበቆጂ ገብስ ይዘው መጥተው ሶፋው ላይ ተንፈላሰዋል። ፊታቸው ቀልቷል። ብርጭቆዎቹ... ባዶ!

«አባባ... ምን ጠጡ?»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ብርዱ አጥንቴ ገብቶ ነበር፤ ያቺ አረቄህ አወጣችልኝ። ጥቁር አዝሙድ አድርገህባታል መሰል?»

ለሊሴ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ንገራቸው!»

«አንቺ ንገሪያቸው! አባትሽ ናቸው!»

«ነፍሳቱ ግን ያንተ ናቸው!»

ወደ እሳቸው ዞርኩ። «አባባ፣ ውስጡ ነፍሳት ነበሩበት።»

አማተቡ። «የማን ነፍሳት?!»

«የሰው አይደሉም! የአፈር ተባዮች ናቸው... ትንንሽ...»

«መርዝ አላቸው?»

«የላቸውም።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

ይኼኔ ለሊሴ አፏን ያዘች። «አባ... ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!»

አባባ ገመቹ ጾም ገድፈው አያውቁም። ዱላቸውን ጨበጡ። እኔም በሩን በዓይኔ ለካሁት።

«ስጋ ናቸው?» አሉኝ።

«እንግዲህ... እግር አላቸው።»

«ስንት?»

«አንዳንዱ ስድስት፣ አንዳንዱ ስምንት።»

«በሬ እንኳ ያለው አራት ነው!»

እኔ ግን የዱላው ነገር ወዲያው ጠፋኝ፤ ሐዘኔ መጣ። ሰው ልፋቴን ውሃ በላው ይላል፤ የእኔን አማት ጠጣው! በደመና ውስጥ ጭቃ ያቦካሁበት፣ ኮምፖስት በጀርባዬ ያወጣሁበት ሥራ... ወንበር ላይ ዘፍ ብዬ ቀረሁ። አባባ ገመቹ አዩኝና አዘኑልኝ። ዱላውን መልሰው አስደገፉት።

«ለመሆኑ ከነዚህ ተባዮች ምን ልታውቅ ነበር?»

«የትኛው ብርጭቆ ውስጥ እንደሚበዙ፣ አባባ። አሁንማ ማን ይነግረኛል?»

ምላሳቸውን በከንፈራቸው ዙሪያ አዞሩ፣ ጣሪያውን እያዩ አሰቡ፣ ከዚያም ፍርድ እንደሚሰጥ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለዚህ ነው የምትጨነቀው? ጻፍ! የግራው የጾም ነው... የቀኙ ግን የለየለት ፍስክ!»