አምስት ኳስ ለሙጫ

[እማማ ከግቡ ጀርባ ፈንጠር ብሎ በተቀመጠው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው የልጅ ልጃቸውን አሮጌ ጓንት ይሰፋሉ፤ አውራ ጣቱ ተተርትሯል። መርፌው በእጃቸው፣ ክሩ በጥርሳቸው፣ ዓይናቸው ሜዳው ላይ። የልጅ ልጃቸው የኮሌጁ የሴቶች ቡድን በረኛ ናት። ኳስ ከእጇ ስለማይላቀቅ ሙጫ ይሏታል። ልትመረቅ ነውና ዛሬ የመጨረሻ ጨዋታዋ ነው። ከእማማ ጎን ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ሁለት እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ የተቀመጠው ሽበታም ሰውዬ የኮሌጁ የስፖርት መዝጋቢ ነው። ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም አቶ ነጥቡ ነው። ሜዳው ላይ ጩኸት ቀለጠ።]

እማማ፦ ያዘቻት! ዓይኔ እያየ ያዘቻት! ጻፍ እንጂ!

ነጥቡ፦ አልጽፍም።

እማማ፦ ምነው፣ እስክሪብቶህ ደረቀ?

ነጥቡ፦ እስክሪብቶዬ ደህና ነው። ኳሷ ናት ደህና ያልሆነችው። እማማ፣ ይቺ ኳስ ወደ ግቡ አልመጣችም፤ በቋሚው ጎን አልፋ ልትወጣ ነበር። ወደ ግብ ያልመጣ ኳስ ቢያዝም አይቆጠርም።

እማማ፦ ልትወጣ እንደነበር በምን አወቅህ? ነገረችህ?

ነጥቡ፦ አቅጣጫ የሚባል ነገር አለ።

እማማ፦ ልጅቷ እኮ አየር ላይ ተጋድማ፣ በሆዷ ተዘርግታ ነው የያዘቻት። ሆዷስ አይቆጠርም?

ነጥቡ፦ በስታቲስቲክስ ውስጥ ሆድ የሚባል አምድ የለም።

እማማ፦ ቆይ እስቲ፣ እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም፤ ከመጀመሪያው አስረዳኝ። በዚህ ኮሌጅ ከተሰለፉት ሴት በረኞች ሁሉ ብዙ ኳስ ያዳነችው አንዲት የድሮ በረኛ ናት።

ነጥቡ፦ ሁለት መቶ ኳስ። ክብረ ወሰን!

እማማ፦ የኔዋ ደግሞ ዛሬ የገባችው መቶ ዘጠና ስድስት ይዛ ነው።

ነጥቡ፦ ትክክል።

እማማ፦ ስለዚህ ዛሬ አምስት ካዳነች ታልፋታለች። ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ አናት ላይ የሷ ስም ይጻፋል።

ነጥቡ፦ ከተሳካላት። ካልተሳካላት ሁለተኛ ሆና ትመረቃለች። ሁለተኛነትም ክብር ነው።

እማማ፦ ክብር ከሆነ አንተ ውሰደው። እስካሁን ስንት ጻፍክላት?

ነጥቡ፦ አንድ።

እማማ፦ አንድ?! እኔ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤ አንድ?

ነጥቡ፦ እርስዎማ ዳኛዋ ሳንቲሟን ወርውራ ስትቀልባትም አጨብጭበዋል።

እማማ፦ ጥሩ አያያዝ ነበራ!

[ተጋጣሚዎቹ የማዕዘን ምት አሻሙ። ሙጫ ከሁሉ በላይ ዘላ፣ ከሰው አናት መሐል ኳሷን መንጭቃ ወረደች። እማማ ጓንቱን ከነመርፌው ጣሉት።]

እማማ፦ ይሄንንስ? ይሄንንስ ምን ልትለው ነው?

ነጥቡ፦ የተሻማ ኳስ እለዋለሁ። ተቀባይ ፍለጋ የመጣ እንጂ ግብ ፍለጋ የመጣ አይደለም። አይቆጠርም።

እማማ፦ ባትይዘው ኖሮ ያቺ ብረት ምሰሶ የምታህለው ልጅ በራሷ ገጭታ ታገባው ነበር እኮ!

ነጥቡ፦ «ታገባው ነበር» አይመዘገብም። መዝገብ ማለት የሆነ ነገር ነው እንጂ ሊሆን የነበረ አይደለም፣ እማማ።

እማማ፦ ቅድም «ልትወጣ ነበር» ብለህ አይደል እንዴ የከለከልካት? «ነበር» ላንተ ሲሆን ይጻፋል፣ ለኛ ሲሆን አይጻፍም?

ነጥቡ፦ [ጉሮሮውን ጠራርጎ] እሱ... እሱ ሌላ ነው። ሙያ ነው።

[ፊሽካ። እረፍት ወጡ፤ ውሃ ጠጥተው ተመለሱ። ጨዋታው እንደገና ሲጀመር እማማ ዓይናቸውን አሹ።]

እማማ፦ ኧረ ይቺ ልጄ አይደለችም! ልጄን የት ወሰዷት?

ነጥቡ፦ ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ቦታ ይቀያየራሉ። ሙጫ እዚያ ማዶ ናት።

እማማ፦ እንግዲያው ተነሳ።

ነጥቡ፦ የት?

እማማ፦ ማዶ ነዋ! ወንበሩን በዚያ በኩል ያዝ።

ነጥቡ፦ ከዚህ ሆነንም ይታያል እኮ!

እማማ፦ ላንተ አቅጣጫ ይታይሃል። እኔ የማየው ልጅ ነው። ደግሞ ቅርብ ሆነህ ያልጻፍከውን ርቀህ ልትጽፈው ነው? ያዝ ብዬሃለሁ!

[አቶ ነጥቡ ወንበሩን ተሸክሞ፣ ጠረጴዛውን በእግሩ እየገፋ፣ ወረቀቱን በጥርሱ ነክሶ ሜዳውን ዞረ። እማማ ጓንታቸውን ብቻ ይዘው ከፊቱ ይመራሉ። ገና ሳይቀመጡ ከተጋጣሚ የተመታ ኳስ በግቡ ጎን ሲያልፍ፣ የሙጫ የራሷ ቡድን ተከላካይ ልታወጣው ብላ በጉልበቷ ወደ ራሷ ግብ ሰደደችው። ሙጫ ተወርውራ በጣቷ ጫፍ መለሰችው።]

ነጥቡ፦ [ወረቀቱን ከአፉ አውጥቶ] አይቆጠርም። ወገን የመታው ኳስ አይቆጠርም።

እማማ፦ ያቺ ልጅ ወገን መሆኗን አጣርተሃል? አመታቷ እንኳ የጠላት ነው።

ነጥቡ፦ ማሊያዋን ይዩ።

እማማ፦ ማሊያማ ማንም ይለብሳል። [ተቀመጡ፤ መርፌያቸውን ፈልገው ስፌታቸውን ቀጠሉ፤ ድምፃቸውን አለሰለሱ።] መጠየቅ ነውር አይሁንብኝና፣ ያቺ ሁለት መቶ ያዳነችው የድሮዋ ማን ናት?

ነጥቡ፦ [ከረባቱን አስተካክሎ] ልጄ ናት።

እማማ፦ ልጅህ! የአብራክህ ክፋይ!

ነጥቡ፦ ያቻትና፣ እዚያ ጥግ ቆማ ለሙጫ የምትጮኸው። የበረኞች አሰልጣኝ ናት አሁን። ከሷ በኋላ ስንት በረኛ መጣ፣ ስንቱ ሄደ፤ ማንም አልደረሰባትም።

እማማ፦ ጎበዝ። በማን ወጣች?

ነጥቡ፦ በኔ ነዋ።

እማማ፦ እንደሱ ነው? እኔማ በእናቷ መስሎኝ። ያን ጊዜስ መዝጋቢው ማን ነበር?

ነጥቡ፦ ማን ሊሆን? እኔው ነኛ!

እማማ፦ ታዲያ እሷም በዚሁ በዛሬው ሕግ ነው የተቆጠረችው።

ነጥቡ፦ እንዴታ! ሕግ ዘመድና ባዳ አይልም። ሕግ ሕግ ነው!

እማማ፦ ካፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ነጥቡ፦ ምን አሉ?

እማማ፦ መርፌው ወጋኝ ነው ያልኩህ። ስማ፣ እኔ ኳስ የሚባል ነገር ማየት የጀመርኩት በስተርጅና ነው። «ይቆጠራል፣ አይቆጠርም» ስትለኝ ግራ ይገባኛል። በምሳሌ ብታስረዳኝ ይገባኝ ነበር። እስቲ ልጅህ ከሁሉ የበለጠችበት ጨዋታ የቱ ነው?

ነጥቡ፦ [ወንበሩን እየጎተተ ተጠጋቸው፤ ፊቱ በራ] የዝናቡ ጨዋታ! ወይ እማማ፣ እሱን ባዩ! በአንድ ጨዋታ አሥራ አራት ኳስ!

እማማ፦ ኧረ በሕግ አምላክ! አሥራ አራት?

ነጥቡ፦ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት! ሰማዩ ተቀዶ! የመጀመሪያው ኳስ ከማዕዘን ተሻማ፤ ልጄ ከሰው ሁሉ አናት ላይ እንደ አሞራ ሞጨለፈችው!

እማማ፦ ከማዕዘን ተሻምቶ።

ነጥቡ፦ አዎ! ሁለተኛው ደግሞ ከቋሚው ይህን ያህል ርቆ [ክንዱን ዘረጋ] ሊወጣ ሲል፣ ተወርውራ ጭቃው ውስጥ ያዘችው! ብትተወው ይወጣ ነበር። ግን እልኸኛ ናት፣ በኔ ነው የወጣችው!

እማማ፦ ሊወጣ ሲል።

ነጥቡ፦ ሦስተኛው የጉድ ነው! የራሷ ተከላካይ አንሸራቷት ኳሱን ወደ ግቡ ስትልከው፣ ልጄ በአንድ እጇ...

እማማ፦ የራሷ ተከላካይ።

ነጥቡ፦ አዎ፣ የራሷ ተከ...

[አቶ ነጥቡ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ክንዱም እንደተዘረጋ ቀረ። እማማ ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱ።]

እማማ፦ ቀጥል እንጂ፣ እየጣመኝ ነው። አራተኛውስ?

ነጥቡ፦ አራተኛው... አራተኛውን ኳስ አቀባይዋ ናት የወረወረችላት።

እማማ፦ ኳስ አቀባይዋ? ከሜዳ ውጭ ቆማ የወጣ ኳስ የምትመልሰው?

ነጥቡ፦ በኃይል ነበር የወረወረችው!

እማማ፦ አምስተኛውስ?

ነጥቡ፦ እማማ፣ ይቅር።

እማማ፦ አምስተኛው ኳስስ?

ነጥቡ፦ አምስተኛው ኳስ አልነበረም።

እማማ፦ ምን ነበር?

ነጥቡ፦ የውሃ ጠርሙስ። ጓደኛዋ ከመቀመጫው ወርውራላት ነው። ግን በግራ እጇ ነው የቀለበችው፣ እማማ! በግራ እጇ! ዝናብ እየዘነበ!

እማማ፦ አንተ ሰው፣ ጠርሙስ መዘገብክ?

ነጥቡ፦ አባት ነኛ! ምን ላድርግ? ልጄ የሆነ ነገር በያዘች ቁጥር እጄ ራሱ ይጽፋል!

እማማ፦ የሌላ ቤት ልጅ ስትሆን ነው እጅህ የሚደነዝዘው?

[አቶ ነጥቡ የተሳሳተ ቁጥር እያወቀ ከሚተኛ፣ ጫማው ውስጥ ጠጠር ይዞ ቢያድር የሚመርጥ ሰው ነው። እስክሪብቶውን አወጣ፤ መልሶ ሰካው፤ ሌላኛውን አወጣ።]

ነጥቡ፦ ከሁለት መቶ... አምስት ሲቀነስ... መቶ ዘጠና አምስት።

እማማ፦ እኔ ሒሳብ አይሆንልኝም። የኔዋ ዛሬ ስትገባ ስንት ነበራት አልከኝ?

ነጥቡ፦ [ድምፁ እምብዛም ሳይሰማ] መቶ ዘጠና ስድስት።

እማማ፦ እንግዲያው ገና ካልሲዋን ሳትለብስ አልፋታለች! እኔ ምን በወጣኝ ነው እዚህ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ በኳስ ስለምንህ የዋልኩት?

ነጥቡ፦ ግን እማማ...

እማማ፦ ይሄም የአንድ ጨዋታ ብቻ ነው። የሌላውንም በምሳሌ ታስረዳኝ?

ነጥቡ፦ አይ! አይ! ገብቶዎታል! በደንብ ገብቶዎታል!

[በዚህ መሐል ሜዳው ተናወጠ። ተመልካቹ ሁሉ ከመቀመጫው ዘለለ። ሁለቱ ቀና ሲሉ፣ ሙጫ መሬት ላይ ኳሷን በደረቷ አቅፋ ተጠቅልላለች፤ ጓደኞቿም ላይዋ ተከምረውባታል።]

ነጥቡ፦ ምን ሆነ? ምንድነው የሆነው? ፍጹም ቅጣት ምት ነበር እንዴ? ያዘችው?

እማማ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ አንተን ስይዝ!

ነጥቡ፦ መዝጋቢ ሆኜ፣ የዓመቱን ትልቁን ኳስ አላየሁም! ጉድ ሆንኩ!

እማማ፦ ሕዝቡ የሷን ስም እየጠራ ነው። ጎል ገብቶባት ቢሆንማ የኔን ስም ነበር እያነሱ የሚሳደቡት። ይዛዋለች።

ነጥቡ፦ ሳላይ እንዴት ልጻፍ?

እማማ፦ ስታይ አልጻፍክም፤ እስቲ ደግሞ ሳታይ ጻፍ።

[ጻፈ። የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ። ልጆቹ ተቃቀፉ። አቶ ነጥቡ የሙጫ ስም ሰሌዳው አናት ላይ እንዲወጣ ወረቀቱ ላይ አስተካክሎ፣ ከሥሩ ፈረመ። ከዚያ እማማን ትክ ብሎ አያቸው።]

ነጥቡ፦ እማማ፣ እርስዎ ግን ነገር ቶሎ አይገባኝም ብለውኝ ነበር።

እማማ፦ አዎ፣ ሲነገረኝ ነው የሚገባኝ።

ነጥቡ፦ ማን ነገረዎት? ስለ ጥሩው ጨዋታዋ ጠይቁት ያለዎት ሰው አለ!

እማማ፦ ልጅህ ናት።

ነጥቡ፦ የትኛዋ ልጄ?

እማማ፦ ስንት አለህ? ያቺው አሰልጣኟ ናታ! «እማማ፣ አባቴ አጠገብ ተቀመጡልኝ። ስለ ዝናቡ ጨዋታ አፉን ካስከፈቱት የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል» አለችኝ።

ነጥቡ፦ የራሷን ክብረ ወሰን?! የራሷን?! ለምን ለኔ አልነገረችኝም?

እማማ፦ ነግራሃለች። በነገረችህ ቁጥር «አንቺ ኳስ ያዢ፣ ቁጥር ለኔ ተዪ» ትላታለህ አሉ። በዚያ ኮሪደር ስታልፍ አንገቷን ደፍታ ነው የምታልፈው፣ ሰሌዳውን ላለማየት። «ከአሥራ አራቱ ዘጠኙን እኔ በእጄ ያዝኩ፤ የቀሩትን አባቴ ነው በእስክሪብቶው የያዘው» ነው ያለችኝ።

[አቶ ነጥቡ መሐል ሜዳ ላይ ልጁ ሙጫን ከመሬት አንስታ ትከሻዋ ላይ ልትሰቅላት ስትታገል ያያል።]

ነጥቡ፦ ዘጠኝ... ዘጠኝ ግን ትንሽ ነው እማማ? በዚያ ጭቃ?

እማማ፦ እኔ በደረቅ ወለል ላይ አንድ ብርጭቆ መያዝ ያቅተኛል። ዘጠኝ ብዙ ነው። ሂድና ይሄንኑ ንገራት።

ነጥቡ፦ አሁን?

እማማ፦ አይ፣ ሌላ በረኛ ስትመጣ! ተነስ፣ ሂድ!

[አቶ ነጥቡ ጠረጴዛውን ትቶ፣ መጀመሪያ በእርጋታ፣ ከዚያ ሽማግሌነቱን ረስቶ በሩጫ ወደ መሐል ሜዳ ገሰገሰ። እማማ ሲያዩት ቆዩና ወደ አንባቢው ዞሩ።]

እማማ፦ እናንተም ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ፊት ብትቆሙ፣ የላይኛዋን ስም ብቻ አይታችሁ አትሂዱብኝ። ሁለተኛዋንም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡልኝ። አባቷ ሥራ የበዛበት መስሎ በዚያ ኮሪደር እየተመላለሰ፣ ስንት ሰው እንዳነበባት ሲቆጥር ይሆናል። አንዱን አንባቢ ሁለት ብሎ ቢቆጥረው ግን፣ አደራ፣ እንዳልሰማ ሆናችሁ እለፉት።