መርዝ የሌለበት ቀለም

ሰው የሚበላውን በምላሱ፣ የሚለብሰውን በዓይኑ ይመርጣል። የጥፍር ቀለምስ በምን ይመረጣል? «በዓይን ነዋ» የሚል አንባቢ ቢኖር በሹካ የሚበላ ሰው መሆን አለበት። በሹካ የሚበላ ሰው ጥፍሩና አፉ ሳይተዋወቁ ይኖራሉ። እኛ ግን የምንጎርሰውም የምናጎርሰውም በጣታችን ስለሆነ፣ ጥፍራችን ላይ ያረፈ ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ የአንድ ሰው ሆድ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ የጥፍር ቀለም በእኛ አገር የጌጥ ሳይሆን የወጥ ቤት ጉዳይ ነው።

ይህን ታላቅ እውነት የደረስኩበት በንጉሡ ዘመን፣ ነቀምቴ ሳይንስ ሳስተምር ነው። ልታረም፤ የማስተምረው ሒሳብ ነበር፤ ሳይንሱን የያዝኩት መምህሩን ወባ አስተኝቶት ነው። በተጨማሪም ሰኞ ሰኞ ጠዋት የተማሪዎችን ጥፍር የምመረምረው እኔ ነበርኩ። ተቀብታ የመጣች ልጅ ቀለሙን ሳታስለቅቅ ክፍል አትገባም። በጥፍር ረገድ እንግዲህ ስም ነበረኝ።

ባለቤቴ ጫልቱ የአርጆ ልጅ ናት። ታናሽ እህቷ የምትዳርበት ቀን ሲቃረብ ለሠርጉ ጥፍሬን ቀይ እቀባለሁ አለች። አልከለከልኳትም፤ ልታረም፤ ከልክያት አልሰማችኝም። ያስጨነቀኝ ግን ልጃችን ለሊሴ ናት። ገና ምግብ መልመዷ ነበር፤ እናቷ አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር ቀቅላ በጣቷ እያላመች ታጎርሳታለች፤ አንጮቴው ሲያልቅ ለሊሴ ጣቱን ራሱን ትጠባለች።

ስለዚህ መርዙ ያነሰውን ልመርጥ ገበያ ወረድኩ። ባለሱቁ ሦስት ብልቃጥ ደረደረልኝ። ብልቃጦቹ ላይ የተጻፈው የቀለሙ ስም እንጂ ከምን እንደተሠራ ስላልነበረ፣ ምርመራውን ለአፍንጫዬ ሰጠሁት። አንደኛው ላምባ ላምባ፣ ሁለተኛው አዲስ የተቀባ መኪና ሸተተኝ። ሦስተኛው ግን ልክ እንደ በሰለ ሙዝ ነው። ፍሬ ምን ክፋት አለው ብዬ ልወስደው ስል፣ ባለሱቁ ጥንካሬውን ሊያስረዳኝ ባንኮኒውን አሳየኝ፤ አንዲት ጠብታ ወድቃ የባንኮኒውን ቀለም ልጣው አንስታዋለች። የልጄ ሆድ ከባንኮኒ አይጠነክርምና አመስግኜ ወጣሁ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከባኬ ጃማ ሰፈር ጎረቤታችን ከእትዬ ጥሩነሽ ነው። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሴት ለሠርግ እንሶስላ ትሞቃለች እንጂ ብልቃጥ አትከፍትም ባይ ናቸው። ሥሩ ከመሬት ይቆፈራል፣ ይወቀጣል፣ እጅ ላይ ተለብጦ በቅጠል ይታሰራል፤ ላምባ የለው፣ ሙዝ የለው። ጫልቱ ግን በብልቃጥ ላይ ይህን ያህል የተራቀቀ ሰው ሥሩን ሳይመረምር ለምን ያልፈዋል ስትል ጠየቀች። እውነቷን ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል፤ እኔም ከመቀባት መሞከር ይቅደም ብዬ የቀኝ እጄን ትንሿን ጣት ለሳይንስ አበረከትኩ። እትዬ ጥሩነሽ ለአንዲት ጣት ብዬ አልወቅጥም ብለው አምስቱንም ለብጠው በጉሎ ቅጠል አሰሩልኝ።

ቅጠሉ ሲፈታ ቁስል የለም፣ ማሳከክ የለም። ጣቶቼ ግን እንደ ሙሽራ ቀልተዋል። በሳሙና ባሸው፣ በሎሚ ባሸው ጭራሽ ደመቀ። መቼ እንደሚለቅ ብጠይቃቸው እትዬ ጥሩነሽ በርጋታ፣

«ምን ብሎ ይለቃል፤ ከጥፍርህ ጋር አድጎ ይቆረጣል እንጂ» አሉኝ።

ጫልቱ እጄን አገላብጣ አየችና ለእኔስ ይጠቁርብኛል ብላ ተወችው።

አርጆ፣ ሠርጉ ቤት፣ ቀኝ እጄን ካፖርቴ ኪስ ከትቼ ዳሱ ጥግ ተቀመጥኩ። በግራ እጅ አይበላ ነገር፣ ሆዴን አሞኛል አልኩ። የሙሽራው አክስት አዮ ገላኔ ግን የሙሽሪት ወገን ጾሙን ከዋለ ዝምድናው ምን ሊሆን ነው ብለው በእጃቸው አጎረሱኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ደገሙኝ። ከዚያም መልሱን ለመቀበል አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። ዳሱ ሁሉ ያየናል። ባላጎርሳቸው የሁለት ቤተሰብ ቅያሜ፣ ባጎርሳቸው የእኔ ውርደት! እጄን አወጣሁ። አዮ ገላኔ ጉርሻውን ተቀበሉ፣ አላምጠው ዋጡ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አዩ።

«ባርሲሳ» አሉኝ፣ መምህር ማለታቸው ነው፤ «እኛ እኮ የጠየቅናችሁ አንዲት ሙሽራ ብቻ ነበር።»

ሳቁ ጋብ ሲል ጫልቱን በዓይኔ ፈለግኋት። ለሊሴን ታቅፋ አንጮቴ ታጎርሳለች፤ ቀኝ እጇ ንጹሕ ነው፣ አንዲት ነጥብ ቀለም የለበትም። የልጅቱን ጀርባ የደገፈው ግራ እጇ ግን አምስቱም ጥፍሩ እሳት መስሏል፤ ጠጋ ስል ሙዝ ሙዝ ይላል። ምን እንደምል ገብቷት ነበርና ቀደመችኝ።

«አባ ለሊሴ፣ በግራ እጁ የሚያጎርስ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቼ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው ተሰለፉ። እኔ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ የጥፍር ምርመራ ላልተወሰነ ጊዜ መቅረቱን አስታወቅኋቸው። ዛሬ እነሱም ሸምግለዋል፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የዚያን ጊዜ ርኅራኄዬን እያነሱ ይመርቁኛል። ሁሉን ነገር ማረም ልማዴ ነው፤ ይህችን ግን እስካሁን አላረምኳትም።