ሳውና መስሎኝ የገባሁበት ክፍል

ጓዶች፣ ዛሬ ሚዛን ከተማ የሠራሁትን ጉድ ሳልነግራችሁ ባድር እንቅልፍ አይወስደኝም። ሳቁ፤ ግን ቀስ ብላችሁ!

እኔ ቴፒ አስተማሪ ነኝ። ወገቤን ከያዘኝ ሰንብቷል። ጠመኔ ከወደቀብኝ ወድቆ ይቀራል እንጂ ጎንበስ ብዬ አላነሳም።

የስፖርት መምህራችን «ሳውና አዘውትር!» አለኝ። ደም ያዘዋውራል፣ ጡንቻ ያፍታታል፣ እንቅልፍ ያመጣል...

እሺ ብዬ ሚዛን፣ አንድ ሆቴል ሄድኩ። ሪሴፕሽኗ ስልኬን መዝግባ፣ የሎከር ቁልፍና ፎጣ ሰጥታ «ኮሪደሩ መጨረሻ፣ በስተቀኝ» አለችኝ።

እኔ በግራ ገባሁ። ግራ የገባኝ ግን በኋላ ነው!

ፎጣዬን አገልድሜ በሩን ስከፍት... ወይ ሙቀት! መሃል ላይ የጋለ የብረት ምድጃ፣ ዙሪያውን ነጫጭ መጋረጃ። ሚዛን እንዲህ ሠልጥናለች እንዴ? አልኩ።

ላቤ ተንቆረቆረ። ደስ አለኝ። እንፋሎት ጥሩ ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር ጥግ ላይ ያለውን ባልዲ አንስቼ ምድጃው ላይ ቸለስኩት።

ቿስስስ!

ክፍሉ ጭጋግ ሆነ። በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተ። ጠና ያሉ ሴት እርጥብ አንሶላ ታቅፈው ቆመዋል።

«በስመአብ! ከማን ተደብቀው ነው?»

«ኧረ ሳውና እየገባሁ ነው!»

«ሳውናው ማዶ ነው ጌታዬ! ይሄ እኮ አንሶላ ማድረቂያችን ነው!»

አስቡት። የዚህ አገር ዝናብ እንኳን አንሶላ ካልሲ አያስደርቅም። መጋረጃ ያልኩት ከማጂ ለሚመጡ ሠርገኞች የደረቀ አንሶላ ነበር።

ነበር!

እትዬ አስካለ (ስማቸው ነው) ሊያለቅሱ ደረሱ። «መንገድ ላይ ናቸው እኮ! ምን ላነጥፍላቸው ነው? አለቃዬ ካየ አለቀልኝ!»

አንጀቴን በሉት። «ላግዝዎት?» አልኩ።

«በል ካውያ ያዝ!»

አንቱታው እዚያ ጋ አበቃ።

ልብሴን ልልበስ ብል «መጀመሪያ ይሄን!» እያሉ ፎጣ እንዳገለደምኩ አስተኮሱኝ። ጎንበስ፣ ቀና። ጎንበስ፣ ቀና። አስተናጋጆቹ ተራ በተራ በበሩ አጮለቁ። ሪሴፕሽኗማ ስቃ ስቃ ግድግዳ ተደገፈች።

የመጨረሻውን አንሶላ እንዳነጠፍን የሠርገኞቹ መኪና ጥሩንባ ተሰማ። እትዬ አስካለ እፎይ ብለው አዩኝ።

«አሁን ልመርቅህ ወይስ ልምታህ?»

እኔም አላውቅም።

ግን ስሙኝማ... ወገቤን ለቆኛል! ሙቀቱ ነው? ካውያው ነው? ወይስ ድንጋጤው? የሳውናውን በር እንኳ አልነካሁም!

አሁን ደግሞ ሪሴፕሽኗ ደወለች። «እሑድ ሌላ ሠርግ አለ። እትዬ አስካለ ‹ያ የሳውናው ሰውዬ ይመጣል ወይ?› ይላሉ።»

እስቲ በጤና አምላክ ፍረዱኝ፦ እንደ ደንበኛ ልሂድ ወይስ እንደ ሠራተኛ?